ሁለት ካርድ የወጣላት ሴት

አንድ ባለሙያ ለአንዲት ከተማ ሆስፒታል የሕመምተኞች መዝገብ በኮምፒውተር ሠራ። ምንውየለት ይባላል። ሠንጠረዡን ሲያበጅ ሁለት ደንብ አኖረበት፦ የራሱ፣ የአባቱ፣ የአያቱና የእናቱ ስም አንድ የሆነ ሰው ሁለት ጊዜ አይመዘገብም፤ «የማይስማማዎት መድኃኒት» የሚለው ቦታም ባዶ አይታለፍም። ከሌለ «የለም» ተብሎ ይጻፋል።

የካርድ ክፍል ሠራተኞች ሁለቱንም ደንብ ጠሉ። ካርዱ ለጠፋበት ሰው ድሮ ቶሎ አዲስ ያወጡለት ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ «ይህ ሰው ተመዝግቧል» ብሎ እምቢ ስለሚል የቀድሞውን መፈለግ ግድ ሆነባቸው። የመድኃኒቱንም ቦታ ሰዉን ሁሉ ጠይቀው መሙላት ነበረባቸው። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደረሰ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ምንውየለትን አስጠራው።

«ሕዝቡ እያማረረ ነው። ሁለቱንም ደንብ አንሣ።»

«ጌታዬ፣ ከተነሡ እኮ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል።»

«ለጊዜው ነው። ከበላይ የሚመጣው ግምገማ ይለፍ።»

ምንውየለት ጥፋት መሆኑን ያውቃል። ግን አለቃውን ፈራና ሁለቱንም አነሣ። ሰልፉ አጠረ፣ ኃላፊውም ተመሰገነ። በእኛ ዘንድ «ለጊዜው» የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነውና ግምገማው ካለፈ በኋላም ደንቦቹን ያስታወሰ የለም።

አንድ ቀን የግቢው ዘበኛ አቶ ደርሰህ ሚስታቸውን ጥሩዬን ትኩሳት አንደበቷን ይዞት ደግፈው አመጧት። ካርዷ ጠፍቶ ነበር። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ለባልደረባው ሚስት ደግ ልሁን ብሎ ባንድ አፍታ አዲስ አወጣላትና የመድኃኒቱን ቦታ ባዶ አለፈው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው በቀድሞው ምዝገባዋ ላይ ነው። ሐኪሙ ያየው አዲሱን ነበር፤ ፔኒሲሊን አዘዘ። መርፌውን ከተወጋች ብዙም ሳትቆይ ትንፋሿ ተቋረጠ።

ከቀብር መልስ አቶ ደርሰህ ምንውየለት ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ እንደማይስማማት ኮምፒውተሩ ውስጥ አልነበረም?»

«ነበረ፣ አባባ።»

«እኔም እኮ ኮምፒውተሩ ያውቀዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ምንውየለት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ያኔውኑ ደንቦቹን ሊመልስ ሞከረ። ኮምፒውተሩ አልቀበል አለው፤ ሁለት ሁለት ጊዜ የተመዘገቡና የመድኃኒት ቦታቸው ባዶ የታለፈ ሰዎች ሞልተውበታልና። ከእነሱ መካከል ነገ መርፌ የሚወጋው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰው ነፍስ ሲሆን ግን አይለቀምም። ወዳጄ፣ ባዶ ቦታ «የለም» ማለት አይደለም፤ «አልጠየቅንም» ማለት ነው። እርስዎስ ሰው እንዳይቀየምዎት ብለው «ለጊዜው» ያነሡት ደንብ የለም? እሱን አምኖ ዝም ያለው ማን ይሆን?