ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልተነቃነቀው ብሎን

ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ጨዋታ ላጫውታችሁ!

አንድ ሜካኒክ የወረዳውን አስተዳዳሪ የአቶ ጥላዬን መኪና ባሌስትራ፣ ማለት ከሥር ክብደቱን የሚሸከመውን ንብርብር ብረት፣ ሊፈታ ቢታገል፣ ብሎኑ ዝጎ እንቢ አለው። በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገው፣ ነጭ ጋዝ አጠጣውና ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ የዛገ ብሎን በጉልበት ሲሉት ይቀነጠሳላ!

አቶ ጥላዬ ቱግ አሉ። «ምን ተጎልተህ ታየዋለህ? አሁኑኑ ፍታው! ከዘገየም ከተሰበረም ጋራዥህን አሳሽገዋለሁ!»

ሜካኒኩ ጠየቀ፦ «ጌታዬ፣ ይሄ ብሎን ከቦታው ሳይነቃነቅ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዐሥራ ሁለት።»

«እርስዎስ፣ ወንበርዎ ላይ?»

«እኔም ዐሥራ ሁለት!»

«ታዲያ ዛሬ እርስዎን ባንዴ መንጭቀን እናስነሳ ብንል፣ ሳይሰበር የሚተርፍ ወንበር ይኖራል?»

አቶ ጥላዬ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ በርጩማ ስበው ጠበቁ። ብሎኑም ሳይሰበር ወጣ።

እናንተም የዛገ ብሎን ሲገጥማችሁ ነጭ ጋዝ አጠጡና ታገሡ። ሂዱ፣ ሞክሩት!