ሐሙስ ጧት የተሰማው የሰኞ ምስጋና

ልጅ ያላችሁም የሌላችሁም ስሙ፤ እመቤታችን ድንግል ማርያም በባሕር ላይ ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ጥላዋ በሁላችን ላይ ይረፍ።

እንግዳሸት የሚባል ሸማኔ ነበረ፤ እመቤታችንን እጅግ ይወድ ነበርና ምስጋናዋን ሳያደርስ እህል አይቀምስም ነበር። ለሰባቱ ዕለታት ሰባት ምስጋና አለ፤ እሱ ግን ትምህርቱን ገና ከሰኞው ሳያልፍ ትቶ ሽመና ስለ ገባ፣ ሁልጊዜ የሰኞውን ብቻ ይደግም ነበር። ሚስቱም በወሊድ ስታርፍ «ልጄን ከጌታ መቃብር አድርስልኝ» ብላው ነበርና፣ ሕፃኒቱን አስካለ ማርያምን በእናቷ አንቀልባ አዝሎ፣ ወተት የምትሰጣትን ፍየል እየሳበ፣ ከምጽዋ በእንፋሎት በሚሄድ የእሳት መርከብ ተሳፈረ።

ሕፃኒቱን ሲያስተኛት የሰኞውን ምስጋና እንደ እሹሩሩ ያዜምላት ነበር፤ አብሮት የሚጓዘው መሪጌታ ላቀውም ይስቅበት ነበር።

«አንተ ሰው፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!»

«የኔታ፣ እኔ የማውቀው ሰኞን ብቻ ነው፤ ልጄም ለምዳዋለች።»

«እመቤታችንስ?»

«እሷማ እናት ናት፤ ታውቀኛለች።»

በማግስቱ ሐሙስ ጧት ጉም ባሕሩን ሸፈነውና ሌላ መርከብ ከጉሙ ወጥቶ የመርከባቸውን ጎን መታው። ሕዝቡ ወደ ጀልባዎቹ ሲጋፋ እንግዳሸት ሕፃኒቱን ከጀርባው ፈትቶ ከነአንቀልባዋ በጀልባ ለተቀመጠች ሴት አቀበላት፤ ጀልባይቱም ገና ስትወርድ ገመዷ ተበጠሰና ተገለበጠች። እሱም ተከትሎ ዘለለ፤ ጠለቀ፤ ዳበሰ፤ አላገኛትም። መሪጌታ ላቀው ወዳለበት ጀልባ ጎትተው አወጡት፤ ከዚያም መርከቢቱ ከብዙ ነፍሳት ጋር ሰጠመች፤ ጌታ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፋቸው።

ቀዛፊዎቹ ሊርቁ ሲሉ እንግዳሸት «እመቤቴ፣ አንቺ ልጅ አሳድገሻል» አለ።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ሕፃን እንደሚያስተኙ በቀስታ ታዜም ነበር። መሪጌታ ላቀው ጆሮውን አቀና።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለ፤ «ይህ ግን የሰኞው ነው። ወደዚያ ቅዘፉ!»

ድምፁን ተከትለው ሄዱና አንቀልባውን በሳንቃ ላይ አገኙት፤ ሴት ግን አልነበረችም። አስካለ ማርያም ተኝታለች፤ ልብሷም ደረቅ ነው። ፍየሊቱ ከመርከቢቱ ጋር ሰጥማ ሳለ በሕፃኒቱ ከንፈር ላይ ወተት ነበረ። አባቷ በእርጥብ ነጠላው ሊጠርገው እጁን ሰደደና ተወው።

ከዚያም ኢየሩሳሌም ደርሰው እንግዳሸት የሚስቱን አደራ ፈጸመ፤ መሪጌታ ላቀውም ሐሙስ ሐሙስ የዕለቱን ካደረሰ በኋላ የሰኞውን ይጨምር ነበር።

ጎደሎውን ምስጋናችንን እንደ ሙሉ የምትቀበል እመቤታችን ይህን የሰማችሁትን ከነልጆቻችሁ በክንዷ ትያዛችሁ፤ እናት ላጡትም እናት ትሁናቸው፤ ለዘለዓለሙ አሜን።