ጅብ ሳር ይብላ ያሉ አህዮች

አህያዬ ትሙት፣ ይህን ተረት አታምኑኝም፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁና እናገራለሁ።

እንስሳት ሁሉ የምንጭ ዳኛ ሊመርጡ ሆነ። ጅብ ተወዳደረ። እሱ ከተመረጠ ውኃ ሊጠጣ የወረደ አህያ ሁሉ ቁርስ ነው። ስለዚህ አህዮች ጅብን የሚገጥመውን ዕጩ አስቀድመው ከመካከላቸው ሊለዩ ተነሱ።

ቡላ የሚባለው ጨዋ አህያ በየደጁ እየዞረ፣ "ወገኖቼ፣ ጅብ ረቡዕና ዓርብ እንዲጾም አግባባዋለሁ" አለ። አሮጊቷ አንካሳ አህያ እማማ ዝማም ከተኛችበት ሳትነሳ አዛጋች።

ዳልቻ የሚባለው ደፋር ግን ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ "ጅብ ሳር ይብላ!" ብሎ አናፋ።

ሦስት ዓመት ከበረት ያልወጣችው እማማ ዝማም ዘላ ተነሳች። "ለዚህማ እሞታለሁ!" አለች። መጀመሪያ ዳልቻን በአህዮች አስመረጠች። ከዚያ በሦስት እግሯ ሰባት ተራራ ወጥታ ፍየሉንም በሬውንም ቀሰቀሰች፤ ዔሊን እንኳ በጀርባዋ አዝላ ለምርጫው አደረሰችው። ሰኮናዋ አልቆ እንደ ቅጠል ሳሳ።

ጅብ ተሸነፈ። ዳልቻ ወንበሩ ላይ ወጣ። ጅብም ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ ከንፈሩን ላሰ። ዳልቻ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "አያ ጅቦ፣ እስቲ እንደ ወንድማማች እንነጋገር፤ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ብትጾም ምን ይመስልሃል?" አለው።

ይሄኔ እማማ ዝማም ከሕዝቡ መሃል አፏ አመለጣት፦

"ወይኔ ሰኮናዬ! ይህንንማ ቡላ ከተኛሁበት መጥቶ ነግሮኝ ነበር እኮ!"