አታጎንብስብኝ

ሰውዬው ቀለም ቀቢ ነበረ።

ቁጭ በይ እንጂ ስመኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ አይሰማም። «ጋሼ፣ ሰው አንዴ ወደ ወደቀበት ቦታ እንዴት ብሎ ይመለሳል?» አልሽኝ አይደል? ዛሬ ገና ልጅ እግር መምህርት ነሽ። ሐሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ገባሽ፣ ቃል ጠፋሽ፣ ልጆቹ ሳቁብሽ፣ ጠመኔውን ጥለሽ ወጣሽ። ይኸው ሥራውን ልተወው ብለሽ እንባሽን እያበስሽ እኔ ዘንድ መጣሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ትምህርት ቤት ስመራ ኖሬ ምክር መስጠት አልሆነልኝም፤ ስመክር ቁጣ ይቀድመኛል። ስለዚህ የሰውዬውን ነገር ልንገርሽ።

የፎቅ ቀለም ነበር የሚቀባው። እኛ ከታች ቀና ብለን ስናየው አንገታችንን እያመመን፣ እሱ እላይ ቆሞ ያፏጫል። አንድ ቀን የቆመበት ጣውላ ተንሸራተተና ይዞት ወረደ። ደግነቱ ታች አሸዋ ተቆልሎ ነበርና ነፍሱ ተረፈች፣ ክንዱ ግን ተሰበረ። ጀሶ ታሰረለት፤ ሲፈታለት ክንዱ ድኖ ነበር። ሐኪሙም «በል ሥራህን ሥራ» ብሎ አሰናበተው። ሰውዬው ግን መሰላል መውጣት አቃተው። የመጀመሪያውን ደረጃ ይረግጣል፣ ወደ ታች ያያል፣ ላብ ያሰምጠዋል፣ ይወርዳል።

ሚስቱ ብርቱ ሴት ናት። የመንገድ ዳሯን ክፍል ቀድሞውኑ ልጆች ከፍለው የቴሌቪዥን ጨዋታ የሚጫወቱባት ጌም ቤት አድርጋት ነበር፤ እሱ ሲወድቅ በዚያችው ገቢ፣ ከጓሮ ደግሞ የሰው ልብስ እያጠበች ቤቱን ያዘች። ሳሙናው እጇን ላጠው። ከበሩ በላይ ያለውን ታፔላ ባሏ ሊጽፍላት ጀምሮ ነበር፤ «ጌ» ብሎ እንደጨረሰ ነው በማግስቱ ከፎቁ የወደቀው። «ም» ሳይጻፍ ቀረ። የሰፈሩ ልጆች «ጌ ቤት እንሂድ» ይላሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች፣ ሰውዬው ግን በሰማው ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

የድሮ ፎርማኑ መጣና «ከፋሲካ በኋላ አዲሱን ሆቴል መቀባት እንጀምራለን። እስከዚያ መሰላል መውጣት ካልቻልክ ግን ሌላ ሰው መቅጠሬ ነው፣ አትቀየመኝ» አለው። ሚስቱ ከጓዳ ሆና ሰማች። የሰው ልብስ ማጠቧን ቀጠለች፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ ጌም ቤቱ ጭር ይላል። ሰውዬው ቤቱን እየጠበቀ ሲቀመጥ ሰለቸውና አንድ ቀን ጆይስቲኩን አንስቶ መጫወት ጀመረ። ጨዋታው የጣሪያ ላይ ሩጫ ነው። ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ትዘያለሽ፣ ግድግዳውን በጎን እየረገጥሽ ትሮጫለሽ፣ ለማሰብ እንኳ ፋታ የለም። በሌላ ጨዋታ ሯጩን ከኋላው ታይዋለሽ። በዚህኛው ግን የምታይው በራሱ በሯጩ ዓይን ነው። መንገዱ ወደ አንቺ ይመጣል፣ እግርሽ ግን የለም፣ አይታይም።

በሁለት ፎቆች መካከል አንድ ሰፊ ክፍተት አለ። ሰውዬው እዚያ ሲደርስ ይወድቃል፤ እንደገና ይጀምራል፤ አሁንም እዚያው ይወድቃል። ጌም ቤት ውስጥ የወደቀ ሁሉ የሚጮኸው ያው አንድ ቃል ነው፣ «ሞትኩ!»። ልጆቹ ሲሞቱ ነው የሚውሉት። እሱም ከእነሱ ለመደና ይጮህ ገባ።

ከግድግዳው ማዶ ባለው ቤት ግን በዚያው ሰሞን አንድ ሽማግሌ ከገጠር ልጃቸው ዘንድ መጥተው ነበር። ጌም የሚባል ነገር በጆሯቸውም አልገባም። ቁርሳቸውን በልተው ቁጭ እንዳሉ «ሞትኩ!» የሚል ሰሙ። ደነገጡ። ትንሽ ቆይቶ «ኧረ ሞትኩ!» አሁንም ትንሽ ቆይቶ «በቃ፣ ሞትኩ!»

«የሰው ያለህ! ኧረ ጎረቤት አለቀ!» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ሰፈሩ ተጠራራ። የሰፈሩ ባለሥጋ ቤት ሽርጡን እንደታጠቀ፣ የሰውዬው ሚስት እጇ አረፋ እንደያዘ ተንጋግተው ገቡ። ሰውዬው ጆይስቲኩን ታቅፎ ቁጭ ብሏል።

«ሞትኩ ያልከው አንተ ነህ?» አሉት ሽማግሌው።

«አዎ አባባ፣ ገደል ገብቼ ነው።»

«የታለ ገደሉ?»

በአገጩ ቴሌቪዥኑን አሳያቸው። ሰፈርተኛው እየሳቀ ተበተነ። ሚስቱ አልሳቀችም። «ከዚህኛው መውደቁንስ ችለህበታል» ብላ ወደ ሳፋዋ ተመለሰች።

ሽማግሌው ግን አልሄዱም፣ ንዴታቸው አልበረደም። «ነፍሴን ካወጣኸው አይቀር፣ በል ሙት ልይህ!» ብለው አጠገቡ ተቀመጡ።

ጀመረ። ሮጠ፣ ዘለለ፣ ያቺ ክፍተት ጋ ደረሰ። እንደ ልማዱ ጠርዙን ላይ ብሎ እይታውን ወደ ታች ሲደፋው ቴሌቪዥኑ በሙሉ ገደል ሆነ። ሽማግሌው የተቀመጡበትን አግዳሚ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«አታጎንብስብኝ! ራሴን አዞረኝ!»

«እግሬ የት ጋ እንደደረሰ ላይ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«የምን እግር? እግር አለህ እንዴ? ቁርሴን ልታስመልሰኝ ነው ወይ?»

ይሉኝታ ያዘው። ሽማግሌ ሰው ቤቱ መጥቶ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀርብለት ቁርሱ ሊወጣ! ስለዚህ ለሳቸው ሲል፣ ለሌላ ለምንም አይደለም ስመኝ፣ እይታውን ወደ ታች ላለመድፋት ቆረጠ። ወዲያ ማዶ ጣሪያው ላይ ቀይ የውሃ ታንከር አለ። ዓይኑን እሱ ላይ ተክሎ ሮጠ፣ ዘለለ፣ ታንከሩ ሥር አረፈ።

«አልሞትኩም» አለ፣ ለራሱም ገርሞት።

«እሱንማ እያየሁ ነው፤ ቀጥል!»

ቀጠለ፣ ሌላ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ወደቀና «ሞትኩ!» አለ። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት። «አሁንም ሞትኩ! ኧረ ተው፣ የሞተ ሰው መች ያወራል? እያወራኸኝ እኮ ነው! ተነስ!»

እንደገና ጀምር ማለታቸው ነበር። ሰውዬው ግን ጆይስቲኩን አስቀመጠና ብድግ አለ። ጓሮ ሄደ። መሰላሉን አምጥቶ በሩ ላይ አስደገፈ፣ ቀለሙን በጠበጠ፣ ብሩሹን ያዘ። የመጀመሪያውን ደረጃ ወጣ። ሁለተኛውን ወጣ። ከዚያ ወደ ታች አየና መሰላሉ ላይ ተጣበቀ፣ ላቡ ወረደ።

ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። «አታጎንብስብኝ አላልኩህም!» ብለው ጮኹ።

ቀና አለ። «ጌ» ከሚለው አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ አየ። ያን ባዶ ቦታ ብቻ እያየ ወጣ። መሰላሉ ይንቀጠቀጣል፣ የሚያንቀጠቅጠው እሱ ራሱ ነው። ደረሰና «ም»ን ጻፈ። ጩኸቱን ሰምታ የወጣች ሚስቱ መሰላሉን በእርጥብ እጆቿ ግጥም አድርጋ ይዛለች።

«ጠሟል እኮ» አለችው፤ ይህን ብላ አለቀሰች።

ከፋሲካ በኋላ ሆቴሉን ቀባ። ፍርሃቱ ለቀቀው እንዳልልሽ፤ አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይወርዳል። ማፏጨት ግን ጀምሯል።

እንግዲህ ስመኝ፣ ወደ ወደቀበት እንዴት ይመለሳል ነበር ያልሽው? አይመለስም! ማን ተመለሺ አለሽ? ሰውዬው ወደ አሸዋው ክምር አልተመለሰም፤ ወደ «ም» ነው የሄደው። አንቺ ከሐሙስ ጀምሮ የምታይው ያንን ሳቅ ነው፤ ተኝተሽም ተነስተሽም ገደሉን እያየሽ ነው። ቅድም ስታለቅሺ ግን አንድ ነገር አምልጦሽ ነግረሽኛል። ክፍሉ ሁሉ ሲስቅ ከኋላ ወንበር ያልሳቀች ልጅ ነበረች አላልሽም? እጇን አውጥታ ነበር አላልሽም? ሳትመልሺላት ነው ትተሻት የወጣሽው። ያቺ ልጅ ናት ወዲያ ማዶ ያለችው ጣሪያሽ። ሰኞ ጠዋት ስትገቢ ሌላውን ሁሉ ተይው፣ እሷን እያየሽ «ጥያቄሽ ምን ነበር?» በያት። ድምፅሽ ይንቀጥቀጥ፣ ምን አባቱ!

ደግሞ አልቆልኛል፣ ሞቻለሁ እያልሽ አታድርቂኝ፤ ከገባሽ ጀምሮ እያወራሽኝ ነው። በይ ፊትሽን ታጠቢና ሂጂ። ሰኞ ከክፍልሽ መስኮት ውጭ ቆሜያለሁ፤ ካጎነበስሽብኝ ግን እጮኻለሁ፣ እኔ እንደሆን አላፍርም።