ቀስ ብሎ የሚመለስ ደወል

አንድ ማለዳ የሺመቤት የባሏን ነጭ ጋዋን አጥባ ገመድ ላይ ልታሰጣ እጇን እንዳነሳች፣ ሦስት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ወደ ግቢው ገቡ። አፋቸውን ሳይከፍቱ መርዶው ገባት። ባሏ ተካልኝ መንገድ ላይ ልቡ ቀጥ ብላ ሞቶ ነበር። እሷ ግን አላለቀሰችም። ጋዋኑን አስጥታ ጨረሰችና ተቀመጠች።

«ልቧ ድንጋይ ነው!» አለ ለቀስተኛው።

ተካልኝ የመጠጥ መርማሪ ነበር። የአረቄ ጠብታ በቀጭን ብርጭቆ አድርጎ፣ ነጭ ጋን የመሰለ ማግኔት ሆድ ውስጥ ያስገባል። ማሽኑ በማይታይ ሞገድ ሲመታት በጠብታዋ ውስጥ የተቀላቀለው ሁሉ፣ ሳይነጣጠል፣ እንደ ደወል በየድምፁ ይጮኻል። ተካልኝም የእያንዳንዱን ድምፅ፣ መጠኑ አስቀድሞ ከታወቀ ነገር ድምፅ ጋር እያስተያየ፣ ስንት እንደሆነ ይጽፋል።

በሰባተኛው ቀን የሥራ ባልደረባው መጣ።

«እትዬ የሺ፣ ተካልኝ በመጨረሻ የመረመረው አረቄ ውስጥ ዓይን የሚያጠፋው አልኮል በዝቷል ብሎ ጽፏል። እኔ ስለካው ግን ትንሽ ነው። የአረቄው ነጋዴ ‹ሟቹ ስሜን አጠፋ› ይላል። ነገ የተያዙበት የአረቄ በርሜሎች ይለቀቃሉ።»

«ስንቴ ለካኸው?»

«ከቁርስ እስከ ሻይ ሰዓት ሃያ ጊዜ!»

«ጉድ ነህ! እሱ ለአንዲት ጠብታ ምሳውን ይረሳ ነበር። ‹አንዳንዱ ደወል ከተመታ በኋላ ወደ ዕረፍቱ የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው፤ ሳይመለስ ደግመህ ብትመታው ድምፁ ያንሳል፤ አንተም ጥቂት ነው ትላለህ› ይለኝ ነበር።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ መመርመሪያው ክፍል አብራው ሄደች። ማሽኑ አንዴ መታ። ጠበቁ። ደግሞ መታ። ጠበቁ። በዝምታው መካከል የተካልኝ እስትንፋስ ከጎኗ ያለ መሰላት። ከቀትር በኋላ ያ ዝግተኛ ድምፅ ወረቀቱ ላይ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ልክ ተካልኝ እንደጻፈው። በርሜሎቹ ተደፉ።

ያን ጊዜ የሺመቤት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ምነው እትዬ? ስሙ ነጻ ወጣ እኮ!»

«የእኔም ድምፅ አሁን ገና ተመለሰ፣ ወንድሜ።»

ቶሎ ያልተሰማ ሁሉ የለም ማለት አይደለም፤ የቸኮለ መዛኝ ዝግተኛውን ያሳንሳል። እናንተስ እንባውን ስላላያችሁ ብቻ «አላዘነም» ያላችሁት ማንን ነው? እስክታስታውሱ ግን፣ ረጋ ብላችሁ፣ ለተካልኝ «ነፍሱን ይማር» በሉለት።