ስልቻ የሌለው ሌባ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሯችሁን አምጡ፤ ቆሏችሁን ግን ለጊዜው አስቀምጡት፣ ስትቆረጥሙ እኔው ራሴን አልሰማም።

በድሮ ጊዜ፣ በቆላ አገር፣ አንጓች የምትባል የሦስት ልጆች እናት ነበረች፤ ባሏ ሞቶባታል። ያገሩ ሰው ማሽላውን ከዝንጀሮ የሚጠብቀው በተራ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ እየወነጨፈ ነበር። አንድ ዓመት ምስለኔ መጣና ከነወታደሮቹ እንደሚጠብቅላቸው ነገራቸው። ሰዎቹም ዕረፍት አማራቸው፤ ወንጭፋቸውን ሰብስበው አስረከቡት። ምነው ያን ዕለት እጃቸውን በቆረጠው!

በመጀመሪያው መኸር፣ ለጠባቂዎቹ ብሎ ከአሥር ቁና አንድ ወሰደ። ሰዎቹ ዝም አሉ። በሁለተኛው መኸር፣ ለጠባቂዎቹ በቅሎዎች ብሎ ከአሥር ሦስት ወሰደ። ዝም አሉ። በሦስተኛው መኸር፣ ጠባቂዎቹን ለሚጠብቁት ብሎ ከአሥር ስድስት ወሰደ። አንጓች ጎተራዋን ብታይ፣ የቀረው ልጆቿን ለፋሲካ እንኳ አያደርስም።

በማግስቱ ምስለኔው ዋርካ ሥር ለችሎት ሲቀመጥ፣ አገሩ ሁሉ ባለበት ቀርባ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ዝንጀሮን ልከስ መጣሁ።»

ሰው ሳቀ። ምስለኔውም እየሳቀ ምን እንዳደረጋት ጠየቃት። ያልዘራውን ማሽላዋን ሳትፈቅድለት እንደበላባት ነገረችው። እሱም ኮራ ብሎ ፈረደ።

«ያልዘራውን፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የወሰደ፣ ዝንጀሮም ይሁን ሰው፣ የወሰደውን ይመልስ፤ ካገርም ይውጣ።»

አንጓች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ ፍርዱን ሰምተው እንደሆነ ጠየቀች። ሰምተናል አሏት። ደግማ ጠየቀች፤ ሰምተናል አሏት። ሦስተኛም ጠየቀች፤ አሁንማ አገሩ ሁሉ ሰምተናል አለ።

«እንግዲህ ዝንጀሮስ እሸቱን በልቶ፣ ጠግቦ ሄደ፤ ስልቻ አልያዘም» አለች። «ስልቻ ይዘው የመጡት እርስዎ ነዎት። ወንጭፌን ሰጠሁዎት እንጂ ጎተራዬን አልሰጠሁዎትም። ፍርዱን ከራስዎ ይጀምሩልኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ፤ አገሩም ብድግ አለ። ወታደሮቹ አገሬውን ቆጠሩ፣ ራሳቸውን ቆጠሩ፣ ከዚያ ጦራቸውን ዋርካው ላይ አስደገፉ። ምስለኔው ማሽላውን መልሶ፣ በባዶ ስልቻ አገሩን ለቆ ሄደ።

ሰዎቹም ወንጭፋቸውን ተከፋፍለው ማማቸው ላይ ተራ ገቡ። ዝንጀሮው ዛሬም አልፎ አልፎ ይሰርቃቸዋል። የአንጓች ልጆች ግን ጠግበው ያድራሉ።

ተረቴ አለቀ፤ አሁን ቆሎውን ወዲህ በሉት። ስትቆረጥሙም ይህችን አትርሱ፦ ሌባ በልቶ ይሄዳል፣ ልክ ያጣ ጠባቂ በልቶ ይጭናል።