ከማዶ የቆመው ባለ ነጭ ኮፍያ

አንድ ሰው ነበር፤ ጡረታ የወጣ፣ ልጆቹን አስተምሮ የጨረሰ፣ ጤናው ያልጎደለ ሰው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጾሙን ይጾማል፣ ዐሥራቱን ያወጣል፣ ከለቅሶ አይቀርም። እንዲያውም በሰፈሩ መርዶ የሚያረዳ ሲጠፋ የሚጠራው እሱ ነበር። ቀስ ብሎ ይገባል፣ አጠገባችሁ ይቀመጣል፣ እህል እስክትቀምሱ ይጠብቃል፣ ስለ ዝናቡ ስለ ምኑ ያወራል፤ ከዚያ ነው የሚናገረው። ያውቅበታል።

ስሙን ይልቃል እንበለው። እውነተኛ ስሙን አልነግራችሁም፤ ከጉባኤው ስትወጡ እየዞራችሁ እንዳትፈልጉት።

ይልቃል አንድ የሚወደው ነገር አለ፤ ጎልፍ። አትሳቁ! እናንተ በቴሌቪዥን ኳስ ስታዩ የምትጮኹትን ጩኸት ጎረቤቶቻችሁ ነግረውኛል። እሱ ቢያንስ ዝም ብሎ ነው የሚጫወተው።

ታዲያ በሰሜን ካሉት ሐይቆች በአንዱ ዳር አዲስ ሆቴል መከፈቱን፣ ሆቴሉም ውኃው አፋፍ ድረስ የሚወርድ የጎልፍ ሜዳ እንዳለው ሰማ። ሽፈራው ከሚባል የጨዋታ ጓደኛው ጋር ዕቅድ ጀመሩ። ዕቅድ እንዴት ደስ ይላል! ከመንገዱ ይልቅ ዕቅዱ ይጣፍጣል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ጠየቁ። ሣሩ ስንት ጊዜ እንደሚታጨድ ጠየቁ። አዲስ ጓንት፣ አዲስ ጫማ፣ ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ ላይ የተተከለው ባንዲራ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካ በአንድ ዓይን የሚታይ መነጽር ገዙ።

አሁን ስሙኝ። ያ ሐይቅ ይልቃል ዳሩ ላይ የተወለደበት ሐይቅ ነው። ከሆቴሉ ፊት ለፊት ውኃው ወደ ውስጥ ይገባና ይጠባል፤ ከዚያች ጠባብ ውኃ ማዶ የልጅነት ቤቱ አለ። እዚያ ቤት ውስጥ ደብሪቱ የምትባል ታላቅ እህቱ አለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና እግሩ አልጠናም ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው ደብሪቱ ናት። "እታለም" ነው የሚላት።

ሽፈራው ጠየቀው፦ "እህትህ እዚያው አካባቢ አይደለችም እንዴ?"

"ናት እንጂ። የመጨረሻው ቀን ላይ እንሻገራለን፤ ካልደከመን።"

ካልደከመን። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። የደብሪቱ ልጅ ስንዱ ናት።

"ጋሼ፣ እማ አሟታል። እርስዎን ትጠራለች።"

"እመጣለሁ እኮ ስንዱዬ። ቀን ቆርጫለሁ።"

"ቀደም ማለት አይሆንልዎትም?"

"ሆቴሉ ተይዟል፣ ሜዳውም ተይዟል። አብሮኝ የሚመጣ ሰው አለ።"

"እሺ ጋሼ፣ እንዳሉ ይሁን።"

ለእህቱ የሚሆን ወፍራም ጋቢ ገዛ። ይወዳታል አላልኳችሁም? ጋቢውን አጣጥፎ ከጎልፍ ዱላዎቹ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አስቀመጠው። ሁሉም ነገር በቦታው ሆነ።

ስንዱ እንደገና ደወለች። በዚህኛው ጊዜ ድምጿ ሌላ ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይስቁብኝ።"

"ምንድን ነው?"

"እማ በር ላይ አስቀምጪኝ ትለኛለች። አስቀምጣታለሁ። ሐይቁን ስታይ ትቆይና 'ይኸው መጥቷል' ትላለች። 'ማን?' ስላት 'ወንድሜ ነዋ። ከማዶ ቆሟል። ነጭ ኮፍያ አድርጓል። ምነው አይሻገርም?' ትለኛለች።"

"መቼ ነው እንዲህ ያለችው?"

"ሰነበተች ጋሼ። በየቀኑ ነው።"

"ማዶ ሰው አለ?"

"ኧረ ማንም የለም። ሣር ብቻ ነው።"

ወገኖቼ፣ በዚያ ሰዓት ይልቃል ጭን ላይ አንድ ካርቶን ነበረ። ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? ነጭ ኮፍያ። የዚያኑ ዕለት ነው የገዛው። ለሽፈራው አላሳየውም፣ ለማንም አላሳየውም፣ ገና ራሱ ላይ እንኳ አላደረገውም።

ክዳኑን ገጠመው። ከዚያ ለራሱ ምክንያት መስጠት ጀመረ። ትኩሳት ነው፤ እርጅና ነው፤ የጎልፍ ተጫዋች ሁሉ ነጭ ኮፍያ ያደርጋል። ቢሆንም አልተዋጠለትም። ኮፍያውን መልሼ ሰማያዊ ልግዛ ብሎ አሰበ።

ተመልከቱልኝ! ኮፍያውን ለመቀየር አሰበ። ቀኑን ለመቀየር አላሰበም።

ኮፍያውንም አልቀየረውም።

ቀኑ ደረሰና ሄዱ። ሆቴሉ እንደ ገቡ ለስንዱ ደወለላት። "ደርሰናል። ሐሙስ እሻገራለሁ።"

"ጋሼ፣ አሁን ይሻገሩ። ታንኳ ልላክልዎት?"

"ዛሬ እንኳ መንገዱ አድክሞናል።"

"ነገስ?"

"ነገ ጠዋት ሜዳው ተይዟል አልኩሽ እኮ።"

ከስንዱ ጀርባ አንዲት አሮጊት ስታወራ ይሰማል፤ ምን እንደምትል ግን አይለይም። ስልኩን ዘጋው።

በማግሥቱ ጠዋት ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ሜዳው ላይ ቆመ። ያ ሐይቅ ጠዋት ጠዋት ድምፅ የለውም፤ ወፍ እንኳ የለበትም። የመጀመሪያውን ኳስ የሚመቱበት ቦታ ውኃው አፋፍ ላይ ነው። ቀና ሲል ማዶ ያለውን ቤት አየው፤ ያው ቆርቆሮ፣ ያው በር። በሩ ላይ ዝቅ ያለ ነጭ ነገር አለ።

"የታጠበ ልብስ ነው" አለ፤ ሽፈራው ሳይጠይቀው።

መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነበር። አወጣው። ወደ ዓይኑ አስጠጋውና ወደ ባንዲራው አዞረው። ርቀቱን አነበበ፤ ስልኩን አጠፋ፤ ኳሱን መታ። ከውኃው እየራቀ ሲሄድ ማጅራቱ ላይ አንድ ሰው ትክ ብሎ የሚያየው ዓይነት ስሜት ተሰማው፤ ግን አልዞረም።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ተመልሰው ወደ ውኃው ዳር መጡ። ያን ጊዜ ማዶ ነጩ ነገር በዝቷል። ዳርቻው በሙሉ ነጭ ሆኗል።

"ሰርግ ነው እንዴ?" አለ ሽፈራው።

ይልቃል መነጽሩን አነሣ። መጀመሪያ ርቀቱን የሚያሳየው ቁጥር መጣለት፤ ቀጥሎ ሰዎቹ መጡ። ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። እርስ በርሳቸው አያወሩም፤ አይንቀሳቀሱም። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያያሉ።

"ወዴት ነው የሚያዩት?" አለ ሽፈራው።

"ወደ እኔ" አለ ይልቃል።

ነጠላ የሚዘቀዘቀው መቼ እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለእሱም የሚነግረው አያስፈልገውም ነበር።

ወዲያው ከማዶ አንዲት ታንኳ ተነሣች። ሽማግሌዎች ናቸው። ቀስ ብለው ቀዝፈው ደረሱ፤ ወርደው ሜዳው ጠርዝ ላይ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አንደኛውን ያውቃቸዋል፤ አያ ቢያድግልኝ ይባላሉ፣ የአባቱ ጓደኛ ናቸው።

"አያ ቢያድግልኝ! በሰላም ነው?"

"ደኅና ነው ልጄ። አንተ ደኅና ነህ? ዝናቡስ እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?"

ስለ ዝናቡ ጠየቁት! ሰማችሁ? መርዶ በሜዳ ላይ፣ ሰው ቆሞ፣ በእንግዳ ፊት አይነገርም። ተቀምጦ ነው፤ ወገን ከብቦት ነው። ይህን ደንብ ይልቃል ከማንም በላይ ያውቃል። ስንት ሰው ፊት እሱ ራሱ እንዲህ ተቀምጦ ስለ ዝናብ አውርቷል!

"እኛ ከዚህ አለን" አሉ አያ ቢያድግልኝ። "አብረን እንሻገራለን።"

አሁን ዱላውን ይጥላል ብላችሁ ጠበቃችሁ አይደል? እነሱም ጠበቁ።

ይልቃል ኳሱን መታ።

ጨካኝ ሆኖ አይደለም። በኋላ ራሱ እንዲህ ብሎ ነግሮኛል፦ "እየተጫወትኩ እስካለሁ ድረስ አይነግሩኝም። እስካልነገሩኝ ድረስ ደግሞ አልሞተችም።" ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ሲሄድ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ይከተሉታል። ሲቆም ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ፀሐይዋ ደምቃ ወጥታለች፣ ሣሩ ያብረቀርቃል፣ የሚሰማው ኳሱ ሲመታ ብቻ ነው። ቶሎ ይመታ የነበረው ሰው አሁን ነፋስ ይለካል፤ ጓንቱን ያወልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል። ቅርብ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ሆን ብሎ ይስታል።

"ይልቃል፣ ሰዎቹ እኮ አንተን ነው የሚጠብቁት" አለ ሽፈራው ፈርቶ።

"ልጨርስ።"

እየቆየ እየቆየ የመጨረሻው ጉድጓድ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ የሚሳት ኳስ የለም። ኳሷ ተንከባልላ ገባች። የገባችበትን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ ይላል።

መነጽሩን ወደ ማዶ አነሣ። ዳርቻው ባዶ ነው። አንድም ሰው የለም። በሩ ብቻ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

"አያ ቢያድግልኝ፣ ሰዎቹስ?"

"ሄዱ።"

"የት ሄዱ?"

"ልጄ፣ ፀሐይዋን እያት እንጂ። ቄሶቹ የቻሉትን ያህል አቆዩልህ። አፈሩን ወንድሜ ያልብሰኝ ብላ ነበር።" ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ዱላ አዩት። "ስታየን የያዝከውን ትጥላለህ ብለን ነበር" አሉት።

ወገኖቼ፣ በዚህ ሰው አትፍረዱበት። ዱላ ያልያዘ ማን አለ? እስኪ እጃችሁን ተመልከቱ። አንተ ሱቁን ይዘሃል። አንቺ የቤቱን ግንባታ ይዘሻል። "ይህን ልጨርስ" የማንል ማን ነን? ክፉ ነገር ይዛችኋል አላልኩም። ጎልፍ ኃጢአት ነው ብዬ አላስተማርኩም፤ ነገ እንደዚያ አለ ብላችሁ እንዳታስወሩብኝ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። እግዚአብሔርን ዕቅዳችሁ ውስጥ የት ላይ ነው ያስገባችሁት? የመጨረሻው ቀን ላይ አይደለምን? ንስሐውን፣ ዕርቁን፣ ያኮረፋችሁትን ወንድም፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትስለዋን አክስት የት ላይ አስገባችሁ? ሐሙስ። ካልደከመን።

መልእክተኞቹስ አልመጡም? ሽበቱ ማነው? የደም ግፊቱ ማነው? አብሮ አደጋችሁ ባለፈው ወር በድንገት ሲቀበር ያያችሁት ምን ነበር? ሜዳችሁ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል እኮ። አይጮኹም። ስለ ዝናቡ ይጠይቋችኋል። ከጉድጓድ ጉድጓድ ይከተሏችኋል። ለምን እንደመጡ ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቃለሁ። አውቀን ነው የምንመታው።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ። ይልቃል በመጨረሻ ተሻገረ። ኮፍያውን ማውለቁን ረስቶ፣ ጋቢውን እንደ ታጠፈ ታቅፎ፣ ገና እርጥብ የሆነው አፈር አጠገብ ቆመ። ስንዱ መጥታ አየችው። አላለቀሰችም፤ ኮፍያውን ብቻ ስታይ ቆየች።

"ጋሼ" አለችው፣ "ዛሬ ጠዋት እማ በር ላይ አስቀምጪኝ አለች። ነጭ ጋቢዋን አልብሼ አስቀመጥኳት። 'ይኸው መጥቷል። ነጭ ኮፍያ አድርጎ ቆሟል። ምነው አይሻገርም?' አለችኝ። እኔ የሁልጊዜው ነው ብዬ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። 'እሺ እማ፣ ይሻገራል' አልኳት። እዚያው በሩ ላይ ነው ያረፈችው።"

የታጠበ ልብስ አልነበረም።

ምእመናን፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ማዶ እዩ። በር ላይ ተቀምጣ የምታያችሁ አለች። አትደውሉላት፤ ተሻገሩ። እግዚአብሔር የያዝነውን የምንጥልበትን ልብ፣ የምንሻገርበትንም እግር ይስጠን፤ እሷ ገና በሩ ላይ ሳለች።